ባዕድ የሚል ማዞሪያ

ባለፈው ወር የሻይ ማፍያዬ ከሥሩ እያፈሰሰ ቢያስቸግረኝ እዚህ ዓደን፣ ማዕላ ወዳለ አንድ የብየዳ ቤት ይዤው ሄድኩ። በያጁ ጢሙ ገና ያልሞላ የየመን ልጅ ነው። እጁ መጥፎ አይደለም፣ ስፌቱን ቀጥ አድርጎ ወሰደው፤ ግን የብየዳው መብራት እንደጠፋ ቶርቹን፣ እሳት የሚተፋውን እጀታ፣ ላፍ አድርጎ አነሣው። «አታንሳው! ቁጠር!» ብዬ ጮህኩበት። በአማርኛ ነው የጮህኩት፣ ምኑ ይገባዋል! በዓረብኛ ደገምኩለት። «ኻላ፣ አንቺም ለሓም ነሽ እንዴ?» አለኝ እየሳቀ፤ አክስቴ፣ አንቺም በያጅ ነሽ ወይ ማለቱ ነው። እንዳልሆንኩ፣ ግን ፊደል የተማርኩት እንዲህ ባለ ማሽን ላይ እንደሆነ ነገርኩት። የቀለድኩ መሰለው፤ እኔ ግን እውነቴን ነው።

ዓደን ውስጥ ክረምት የሚባል ነገር የለም። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ሙቀቱ ሰው በሚጠብስበት ወራት ነው። ያን ወቅት ዓረቦቹ «ሰይፍ» ይሉታል፣ በጋ ማለታቸው ነው። እኔ ግን እማዬ ስለ መላእክት ስታወራ የምትለው ሰይፍ እየመሰለኝ፣ ስሙ ለሙቀቱ ልክ ነው እል ነበር። ሁለት ቋንቋ እየሰማ ያደገ ልጅ ጭንቅላቱ እንዲህ ነው፤ አንዱ ቃል ከአንዱ ቤት ወጥቶ ሳያንኳኳ ሌላው ቤት ይገባል። በመንደሩ ሁሉ የአባቴ ሥራ «ለሓም» ይባላል፣ በያጅ ማለት ነው። ሥጋ ደግሞ «ለሕም» ነው። እናም እስከ ስድስት ዓመቴ ድረስ አባቴ ሥጋ ቤት የሚሠራ ይመስለኝ ነበር፤ ለምን አንድ ቀን እንኳ ጉበት ይዞ እንደማይመጣ ይገርመኝ ነበር።

ያ የምነግራችሁ ሰይፍ አሥር ዓመት የሞላኝ ጊዜ ነው። እማዬ ኮርማክሰር ሰው ቤት ትሠራለች፣ እኔን ብቻዬን ቤት መተው ስለፈራች በየቀኑ ከአባዬ ጋር ሼኽ ዑስማን ወዳለው የብየዳ ቤት ትልከኛለች። አባዬ ከኮምቦልቻ የመጣ ሰው ነው። እዚያ «ኡስታ መንጌ» ይሉታል፣ ባለሙያው መንጌ እንደ ማለት። የቤቱ ባለቤት ዐም ሳሊም የሚባል የዓደን ሽማግሌ ነው፤ በወጣትነቱ፣ በእንግሊዞች ጊዜ፣ መርከብ ሲጠግን የኖረ። ከሥራ ወጥቶ በር ላይ ወንበር አስቀምጦ ሲቀመጥ ነው የማስታውሰው። እኔን «ሐናን» ይለኛል። ስሜ ሐና ነው ብለው አይሰማም።

ማሽኑ ሰማያዊ ነው፤ ከጉዞ ሻንጣ አይበልጥም። ሌላው የብየዳ ማሽን ያጓራል፣ እሳት ይረጫል፤ ይሄኛው ግን ጨዋ ነው፣ ፍንጣሪ የለው፣ ጭስ የለው። ቲግ ይሉታል። ከጀርባው የአርጎን ጋዝ ሲሊንደር ቆሟል፣ ከቶርቹ ጫፍ ደግሞ እርሳስ ያህል የተሳለ መርፌ ይወጣል፣ እሳቱ የሚነሣው ከመርፌዋ ጫፍ ነው። ፊቱ ላይ ያለው ጽሕፈት ሁሉ እንግሊዝኛ ነበር። አባዬ እንግሊዝኛ አያነብም፤ ዓረብኛም ይናገራል እንጂ አያነብም። ስለዚህ ማሽኑ የመጣ ዕለት ዐም ሳሊም አፍንጫውን አስጠግቶ እንግሊዝኛውን እያነበበ በዓረብኛ ይነግረዋል፣ አባዬ ደግሞ በነጭ የቁስል ፕላስተር ላይ በአማርኛ ፊደል እየጻፈ ከየማዞሪያው ሥር ለጠፈ። አማርኛው በመጣለት ቦታ አማርኛ ጻፈ፣ ባልመጣለት ቦታ የሰማውን ዓረብኛ እንዳለ አሰፈረው። ይህን ያወቅሁት ግን ዘግይቶ ነው። ጉዱም የመጣው ከዚሁ ነው።

ምሳ በልተን ሙቀቱ እስኪበርድ ስንጠብቅ አባዬ በማሽኑ ፊት ያስቀምጠኝና በመፍቻ ጫፍ እየጠቆመ ያስነብበኛል። «ልጄ የዓረብ ፊደል ብቻ ይዛ አታድግም» ይላል። የመጀመሪያው ቃሌ «ኃይል» ነው። ትልቁ ማዞሪያ እሱ ነበር፣ ሲዞር ከላይ ቀይ ቁጥር ይወጣል። «ለስስ ላሜራ አርባ በቂ ነው። ለቧንቧ ሰማንያ። ከዚያ ካለፍሽ ትበሺዋለሽ» አለኝ። ሁለተኛው «መውረጃ»። «እሳቱን ድንገት ከቆረጥሽው መጨረሻው ላይ ጉድጓድ ይተዋል። መውረጃው ቀስ አድርጎ ያወርደዋል፣ ሰው ከደረጃ እንደሚወርድ።» ከዚያ ትንሿ መቀያየሪያ አለች፣ በአንድ በኩሏ «ያዝ»፣ በሌላው «ልቀቅ»። ያዝ ላይ ከሆነ መብራቱ እስኪያልቅ ጣትህ ከቶርቹ ቁልፍ አይነሣም፤ ልቀቅ ላይ ከሆነ አንዴ ተጭነህ ጣትህን ታሳርፋለህ።

«አንተ በየቱ ነው የምትሠራው?» አልኩት።

«በልቀቅ ነዋ! ጣቴ የሰው ጣት አይደለም እንዴ?»

ሁለት ቀሩ። አንደኛው ፕላስተሩ በግራይንደር ፍንጣሪ ተቃጥሎ «ቀ» የምትል አንዲት ፊደል ብቻ ተርፋለች። ሌላኛው ላይ «ባዕድ» ይላል። ዐይኗን ዕ ያየሁት ያኔ ነው፣ ክብ ሆና ደስ ትላለች። ማዞሪያው ስምንት ቁጥር ላይ ቆሟል። «እነዚህን እንዳትነኪ፣ ዐም ሳሊም አንዴ አስተካክሏቸዋል» አለኝ አባዬ። ምን እንደሆኑ ልጠይቀው ስል ደንበኛ መጥቶ ተነሣ።

ባዕድ የሚለውን ቃል ግን ማንም ሊያስረዳኝ አያስፈልግም ነበር። እማዬ ሲከፋት «በባዕድ አገር» ሳትል ውላ አታድርም። ካገር ቤት በርበሬ ሲመጣላት ደግሞ በጣቶቿ እየፈተገች፣ ወደ ብርሃን እያየች፣ «ባዕድ ነገር ቀላቅለውበታል! የሸክላ ዱቄት ነው፣ እኔ ልሙት!» ትላለች። ስለዚህ ባዕድ ማለት ለእኔ ሁለት ነገር ነበር፤ አንድም እኛ ራሳችን፣ አንድም ንጹሕ ነገር ውስጥ ገብቶ የሚያበላሽ ቆሻሻ። ሁለቱም አያስደስትም።

ሰይፉ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ዐም ሳሊም ወንድሙ ታሞበት ላሕጅ ሄደ። በሄደ ማግስት አዲስ የጋዝ ሲሊንደር መጣ። አባዬ አንድ ስፌት ሠራበትና ጭምብሉን ወደ ላይ ገፍቶ ጎንበስ ብሎ አየው። ስፌቱ ላይ እንደ ሽሮ አረፋ የቀዳዳ ነጠብጣብ ወጥቶበታል። ደገመው፣ ያው ነው።

«ይሄ ጋዝ ንጹሕ አይደለም። ባዕድ ነገር አለው» አለ፣ ለራሱ ይመስላል።

እኔም ሰማሁ። አይ እኔ! ምን አለ ጆሮዬን በደፈነው። ዞር ብዬ ማሽኑን ሳይ ባዕድ የሚለው ማዞሪያ ስምንት ላይ ተገትሯል። ስምንት ባዕድ! በቃ፣ ገባኝ። ሰዎቹ ሁሉ ያላዩትን እኔ አየሁ፣ ፊደል ስለቆጠርኩ። አባዬ ለሻጩ ሊደውል ወደ መንገድ ሲወጣ ማዞሪያውን ይዤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያደረግሁ እስከ ዜሮ መለስኩት። ልቤ በኩራት አበጠ። አልነግረውም አልኩ፤ ሥራው ራሱ ሲያምርለት ይደነቅ።

በማግስቱ ሻጩ ሲሊንደሩን ቀየረለት። ነጠብጣቡ ጠፋ፣ እኔም በልቤ እሰይ አልኩ። ስፌቱ ግን አላማረም። መጨረሻው ላይ እንደ ከሰል ጠቆረ፤ መርፌዋም ጫፏ እየጠቆረ ትመጣለች። አባዬ ይስላታል፣ አንድ ስፌት ይሠራል፣ እንደገና ትጠቁራለች። የጠቆረች መርፌ ደግሞ እሳቱን ቀጥ አድርጋ አትይዝም፤ መብራቱ ወዲያ ወዲህ እያለ ይቅበዘበዛል፣ ስፌቱም ይወላገዳል። የሚያየው ሰው የበያጁ እጅ የተንቀጠቀጠ ይመስለዋል። አባዬም እንደዚያ መሰለው። ጋዙን ወቅሶ ነበር፣ ጋዙ ተቀየረ። የቀረው እሱ ራሱ ብቻ ነው።

ለምን ማዞሪያውን አላየም ትሉ ይሆናል። እኔም ስንት ዓመት ጠይቄያለሁ። ያን ሰይፍ መብራት ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ነገር ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ማጡሩ፣ ጀነሬተሩ ማለት ነው፣ ከጎናችን ያጓራል። ቶርቹ ይተንፍስ አይተንፍስ የሚሰማ ሰው አልነበረም። ያን ማዞሪያ ደግሞ ከተለጠፈበት ቀን ጀምሮ ነክቶት አያውቅም። ስምንት ነው ብሎ ያምናል፣ አለቀ።

ቤት ውስጥ አንድ አዲስ ጨዋታ ጀመረ። ከሥራ ሲመለስ ግድግዳው ላይ ካለው የቀን መቁጠሪያ ፊት ይቆምና አንድ ዐይኑን በመዳፉ ይሸፍናል፣ ከዚያ ሌላውን። ለሥዕሉ የሚጠቅስ መስሎኝ ከጎኑ ቆሜ እኔም ዐይኔን እየሸፈንኩ እስቅ ነበር። «ስንት ቁጥር ይታይሻል?» ይለኛል። እነግረዋለሁ። እሱ እንደገና ዐይኑን ይሸፍናል። አንድ ቀን ከመንገድ ላይ መነጽር ገዝቶ መጣ። እማዬ ስታየው ሳህን ያጠበችበትን እጇን ሳታደርቅ መጥታ ፊቱን በሁለት እጇ ያዘችው። እኔ መነጽሩ ስላማረበት መስሎኝ ነበር።

ነገሩ ሁሉ የጠበቀው አንድ ሐሙስን ነበር። ቡረይቃ በኩል የእስቴንለስ ቧንቧ የሚዘረጋ ድርጅት በያጅ ይፈልጋል፤ የሚቀጥሩት ሰው ኢቃማው፣ የመኖሪያ ወረቀቱ፣ በድርጅቱ ስም ይታደሳል፣ የቤተሰቡም ጭምር። የእኛ ወረቀት ጊዜው ካለፈ ቆይቶ ነበር። እኔንም ትምህርት ቤቱ ለሚቀጥለው ዓመት ያለ ወረቀት እንደማይመዘግበኝ ለእማዬ ተነግሯት ነበር። መሐንዲሱ ሐሙስ መጥቶ ሁለት ቧንቧ አስበይዶ ያያል ተባለ። እማዬ ያን ሳምንት ሥጋ ባፏ አላዞረችም፣ ተስላ ነው።

መሐንዲሱ መጣ። ጥሩ ሰው ነው፣ ለእኔ ሳይቀር ሰላምታ ሰጠኝ። አባዬ መርፌውን ሳለ፣ ኃይሉን ሰማንያ ላይ አደረገ፣ ቧንቧዎቹን አስተካክሎ አስቀመጠ፣ አማተበ፣ ጭምብሉን ጣለ። ማጡሩ እያጓራ ነው። ሲጨርስ መሐንዲሱ ቧንቧውን በጨርቅ ይዞ አንዴ አዞረው፤ ለሁለተኛ ጊዜ አላዞረውም። «ኡስታ፣ ሥራውን እንደምታውቅ ከአያያዝህ አያለሁ። ግን እጅህ ይንቀጠቀጣል። ይሄ ግፊት አይችልም» አለው። አባዬ «ልክ ነህ» ብቻ ነው ያለው። ልክ ነህ! ያን ቃል እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

ማታውን ለእማዬ ሲነግራት ሰማሁ። «ዐይኔ አልቋል ዘነቡ። አሁን ቧንቧ ነው ያበላሸሁት፣ ነገ ሰው እገድላለሁ። ቢር ፈድል እርሻ ላይ ዘበኛ ይፈልጋሉ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ እገባለሁ።» ቢር ፈድል ከከተማው ወጣ ያለ ነው፤ እዚያ የሚያድር ዘበኛ ወደ ቤቱ የሚመጣው በወር አንዴ ነው። እማዬ ስታለቅስ ሰምቼ አንሶላዬን ጭንቅላቴ ላይ ሳብኩ።

በሳምንቱ ዐም ሳሊም ከላሕጅ ተመለሰ። አባዬ ጭምብሉን በጨርቅ ጠቅልሎ ሊያስረክበው ወደ ብየዳ ቤቱ ሄደ፣ እኔም ተከተልኩት። ሽማግሌው ጥቅሉን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ አንድ በአንድ መጠየቅ ጀመረ። ጋዙ? ተቀይሯል። መርፌው? አዲስ ነው።

«ባዕድ ከም?» አለ ዐም ሳሊም።

«ስምንት» አለ አባዬ፣ ሳያይ።

ክው አልኩ። ባዕድ ከም፤ በኋላው ስንት ነው። ያን ቃል በቀን መቶ ጊዜ እለዋለሁ እኮ! ባዕድ ዙህር፣ ከቀትር በኋላ። ባዕድ ቡክራ፣ ከነገ ወዲያ። በዓረብኛ በኋላ ማለት ነው! ያ ፕላስተር ላይ ያለው ቃል አማርኛ አልነበረም። ባዕድ ነገር አልነበረም። የዐም ሳሊም አፍ ሲለው ነው የገባኝ። ሲሊንደሩን ተደግፌ ቆምኩ። ዐም ሳሊም ራሱን ነቀነቀና «እንግዲህ አላህ ያውቃል፣ ዕድሜ ነው» አለ። እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ፈራሁ። ይገርፈኛል ብዬ ብቻ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ነገር ያደረገች ልጅ ልጁ እንዳትመስለው ፈራሁ።

በማግስቱ፣ ዓርብ ጠዋት፣ አባዬ ልብሱን በካርቶን ሲያስገባ የቆዳ ጓንቱን አንሥቶ አየው፣ ከዚያ መልሶ አልጋው ላይ አስቀመጠው። እሱን ሳይ አላስቻለኝም።

«አባዬ፣ ባዕዱን ዜሮ ያደረግሁት እኔ ነኝ።»

«የቱን ባዕድ?»

«ማሽኑ ላይ ያለውን። ጋዙ ባዕድ ነገር አለው ስትል ሰምቼ… እንዲወጣልህ ብዬ።»

እማዬ እጇን አነሣችብኝ። «ተያት!» አለ አባዬ። አልጋው ላይ ተቀመጠ። «መቼ ነው ያዞርሽው?»

«ሲሊንደሩ የተቀየረ ዋዜማ።»

«ከመሐንዲሱ በፊት?»

«አዎ።» ለቅሶዬን ለቀቅሁት። «በኋላ ማለት መሆኑን አላወቅሁም አባዬ! አንተ እኮ በአማርኛ ነው የጻፍከው!»

ከዚያ ተነሣ፣ የብየዳ ቤቱን ቁልፍ ከምስማሩ ላይ አወረደ። ቁልፉን አልመለሰም ነበር፣ ረስቶት ነው ወይ ሆን ብሎ አላውቅም። «ነይ» አለኝ። እማዬ ነጠላዋን እየጎተተች በር ድረስ ወጣች።

ዓርብ ስለሆነ ገበያው ዝግ ነው። እግዜር ይስጠው፣ መብራት ነበር። ማጡሩ ሳይነሣ ማሽኑን ሲያበራው ቤቱ ጸጥ አለ። ጎንበስ ብሎ ማዞሪያውን አየ። ዜሮ። አልነካውም። ቁራጭ ብረት አምጥቶ፣ ዐይንሽን ጨፍኚ ብሎኝ እሱም ጨፍኖ፣ ጥፍር ያህል በየደ፤ መብራቱ ሲጠፋ የጋዙም ድምፅ አብሮ ጠፋ። መርፌዋ ቀይ እንደሆነች ዓይናችን እያየ ጠቆረች።

«አየሽ?» አለኝ። «መብራቱ ጠፋ ማለት ብረቱ በረደ ማለት አይደለም። ገና ቀይ ነው። ቀይ እያለ አየር ከነካው ይጠቁራል። ጋዙ ከኋላ ቀርቶ እስኪበርድ ድረስ ይሸፍነዋል። ስለዚህ ነው በኋላ የሚባለው።» ድምፁ ቁጣ የለበትም፣ እንደ ፊደል ሲያስተምረኝ ነው የተናገረው። ያ ደግሞ ከግርፊያ የባሰ አስለቀሰኝ።

መርፌዋን እንደገና ሳላት። ማዞሪያውን እያንዳንዷን ቀጭታ እየሰማ ስምንት ላይ አደረሰው። ጭምብሉን ዐም ሳሊም መደርደሪያ ላይ አስቀምጦት ነበር፤ ጨርቁን ፈትቶ አጠለቀው፣ ለእኔ ዞር በይ አለኝ። ግድግዳው ላይ ሰማያዊ ብርሃን ተንቀሳቀሰ፣ ሳይቅበዘበዝ፣ አንድ ወጥ ሆኖ። ከዚያ ጠፋ። ጋዙ ግን ይሰማል፣ ሰው በጥርሱ መሃል እንደሚተነፍስ። ዞርኩ። ቶርቹን ከስፌቱ ላይ አላነሣም፣ እንደቆመ ነው።

«ቁጠሪ» አለኝ ከጭምብሉ ውስጥ።

እያለቀስኩ ቆጠርኩ። ስምንት ስል ጋዙ ዝም አለ። ቶርቹን ሰቀለ፣ ጭምብሉን አወለቀ። ስፌቱ የማር መልክ ይዞ፣ ልክ እንደ ተደረደረ ሳንቲም፣ ከዳር እስከ ዳር ተኝቷል። መጨረሻው ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ የለችም። አባዬ ወደ ኪሱ ወደ መነጽሩ እጁን ሰደደ፣ ከዚያ ሳያወጣው ተወው።

«አባዬ፣ ይቅር በለኝ። መሐንዲሱ ጋ ሄጄ እኔ ልንገረው፣ እኔ ነኝ እለዋለሁ፣ እለምነዋለሁ…»

«ሰውየው ሌላ በያጅ ቀጥሯል ሐንዬ። እሱ አልፏል። ዝም በይ፣ ልየው።»

ጎንበስ አለ። ግራ ዐይኑን በመዳፉ ሸፍኖ አየው፣ ብዙ አየው። ከዚያ ቀኙን ሸፈነና አየው። እጁን ሲያወርድ ጉንጩ እርጥብ ነበር፤ ጭምብሉን መልሶ ከድሮው ምስማር ላይ ሰቀለው፤ ቅዳሜ ካርቶኑን ይዞ ወደ እርሻው እንደማይሄድ ያኔ ገባኝ።

«ሁለቱም ያያሉ» አለኝ።